«ስንፈትሸው ደህና ነው»

ለዚህ እትም ስለ መኪና ልጽፍ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ስነግራቸው በሳቅ ነው የፈረሱት። «አንቺ ደግሞ መንጃ ፈቃድ የሌለሽ፣ ምኑን ታውቂውና?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ መንጃ ፈቃድ የለኝም። ኮፈን ተከፍቶ ባይም ምኑ ከምን እንደሚገናኝ አላውቅም ነበር። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ከኅዳር ጀምሮ የአንዲት መኪና አስታማሚ ሆኜ ነው የከረምኩት። አስታማሚ ያልኩት ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። ታማሚ ይዞ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «ኧረ ሌሊት ሌሊት ነው የሚብስበት፣ ቀን ሲያዩት ደህና ይመስላል» እያለ የሚለምን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያ ሰው ነበርኩ። ታማሚዋ ደግሞ ዋስትና ያላት አዲስ መኪና ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም ደብረ ብርሃን ላይ ዳቦ ቤት አላቸው። እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ዳቦው ሌሊት ተጋግሮ ጎህ ሳይቀድ ለሱቆችና ለሻይ ቤቶች መድረስ አለበት፤ ሰው ለቁርሱ የሚገዛው ትኩሱን ነዋ። ጋሼ ለብዙ ዓመት በጋሪ ሲያስጭኑ ኖረው በመጨረሻ ከዕቁብ የወጣላቸውንም፣ ከባንክ የተበደሩትንም አንድ ላይ አድርገው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንዲት ባለ ነጠላ ጋቢና ፒካፕ ከአዲስ አበባ ገዙ። በዚያ ጊዜ መቸኮላቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር አይገቡም ሲል «በኋላማ ምንም መኪና አይገኝም» የሚል ወሬ ገበያውን ሞልቶት ነበር፤ ጋሼም ቀድመው ከገቡት አንዷን ተሽቀዳድመው ያዙ። ከመኪናዋ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈች ትንሽ የዋስትና ደብተር ተሰጠቻቸው። ሁለት ዓመት ወይም 50,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ የቀደመው ይላል። ጋሼ ደብተሯን ከሊብሬው ጋር በፌስታል ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጧት። «እንግዲህ ሁለት ዓመት እንቅልፌን እተኛለሁ» ያሉት እስካሁን ትዝ ይለኛል።

እንቅልፉ የቆየው ስምንት ወር ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷን የሚያውቅ ያውቀዋል። በአንዱ ሌሊት፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ጋሼ ዳቦውን ጭነው ቁልፉን ቢያዞሩ ሞተሪኖው «ጠቅ ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። የዳሽቦርዱ መብራትም ሊያልቅ እንደደረሰ ሻማ ደብዝዞ ጠፋ። ጎረቤት ቀስቅሰው፣ ከሌላ መኪና በኬብል ባትሪ ተበድረው አስነሷት። ዳቦው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነው የደረሰ። በሦስተኛው ቀን ያው ነገር ተደገመ። ከዚያ አራት ቀን ምንም ሳትል ቆየችና እንደገና ቀጥ!

ዋስትና አለ አይደል? ጋሼ 130 ኪሎ ሜትር ነድተው ከሻጩ ድርጅት ጋራዥ መጡ። እኔም ያን ጊዜ አዲስ አበባ ኮሌጅ መግባቴ ነበርና ክፍል ቀርቼ ተከተልኳቸው። አንድ ትሑት ልጅ ተቀበለን፣ ወንበር ሰጠን፣ ቡናም አስመጣልን። መኪናዋን አስገቧት። ባትሪውን ለኩት፣ 12.6 ቮልት፤ ይኼ የሞላ ባትሪ ልክ ነው። ሞተሩን አስነስተው የዲናሞውን ቻርጅ ለኩ፣ 14.2 ቮልት፤ ይኼም የጤነኛ ነው። በኮምፒውተር መመርመሪያ አዩ፣ የተመዘገበ ስሕተት የለም። ልጁ ፈገግ ብሎ መጣና «ጋሼ፣ ስንፈትሸው ደህና ነው» አለ። ጋሼ ደስ ብሏቸው አመስግነው ወጡ። በማግሥቱ ሌሊት መኪናዋ አልተነሳችም።

እስቲ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ እኔ ለመረዳት ሦስት ወር የፈጀብኝ ነገር ነው። መኪና እየተነዳ ሳለ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላዋል። ጋሼ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲነዱ ሌሊት ባዶ የነበረው ባትሪ እየሞላ ነው የሚመጣው። እንግዲህ ጋራዡ የሚለካው የተነዳችውን መኪና እንጂ ያደረችውን መኪና አይደለም። በሽታውን ለማሳየት የሚሄዱበት መንገድ ራሱ በሽታውን ይደብቀዋል ማለት ነው! ይህንን ለልጁ ብነግረው «እህቴ፣ እኛ የምንሠራው በመሣሪያ ነው» አለኝ። በመሣሪያ መሥራታቸው መች ጠፋኝ? መሣሪያውን መቼ እንደሚያስገቡት ነው ጥያቄዬ።

በታኅሣሥ ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ምክንያት ተገኘ፤ «ባትሪው ደክሟል፣ ባትሪ ደግሞ ዋስትናው ስድስት ወር ብቻ ነው» ተባለ። ጋሼ ከ9,000 ብር በላይ አውጥተው አዲስ ባትሪ ገዙ። አዲሱም በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱን ባዶ ሆነ። በጥር ለሦስተኛ ጊዜ ሄድን። እኔም ያን ጊዜ ትንሽ ድፍረት አግኝቼ ስለነበር «እዚሁ ትደርና ጠዋት አስነሷት» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ሁለት ቀን አሳደሯት። ሁለቱንም ጠዋት ተነሳች። እኔም በኀፍረት አንገቴን ደፋሁ። ጋሼ ግን ምንም አላሉኝም፤ ሳምቡሳ ጋብዘውኝ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በዚህ መሀል ነው እኔ ጋዜጠኝነት መማሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀመኝ። የዜና አጻጻፍ መምህራችን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት የሚለውን እንደ ውዳሴ ማርያም ያስደግሙን ነበርና፣ «ለምን ለመኪናዋ አልጽፍላትም?» አልኩ። የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ የዳቦ ዱቤ የሚጽፉበት ደብተር አላቸው። በዚያው ደብተር ጀርባ ላይ በየሌሊቱ «ተነሳች» ወይም «አልተነሳችም» ብለው እንዲጽፉልኝ፣ ጋሼም የዕለቱን ውሏቸውን ማለትም ስንት ቦታ እንደቆሙና እንደተነሡ እንዲነግሯቸው በስልክ ለመንኳቸው። እትዬ «አንቺ ልጅ፣ ለመኪና ደግሞ ዳዊት ልንደግምላት ነው?» ብለው ሳቁ። ጻፉ ግን። በ31 ሌሊት ውስጥ 11 ጊዜ አልተነሳችም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ሰኞ ሌሊት አንድም ቀን አልቀረችም። እሑድ ጋሼ ጠዋት አንድ ዙር ብቻ አድርሰው ያቆሟታል። በአዘቦት ቀን ግን ሃያ ቦታ ቆመው ሃያ ቦታ ሞተር ያጠፋሉ፣ ያስነሳሉ።

ይህቺን ወረቀት የያዝን ጊዜ ነው ነገሩ የተፈታው። የፈታው ደግሞ ባለ መስታወት ጋራዥ አልነበረም፤ ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ደብተሩን አነበበና «ይቺ ሌሊት እንቅልፍ የላትም» አለ። ያሠራሩን ነገር ጋሼ በስልክ ቪዲዮ እያሳዩኝ ስለተከታተልኩት እንደገባኝ ልንገራችሁ። የዛሬ መኪና ሲቆለፍ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ሰዓቱ፣ የቁልፉ ተቀባይ፣ ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ኃይል ይወስዳሉ። ጤነኛ መኪና ከግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛም ከሰዓት በኋላ «ይተኛል»፤ ከተኛ በኋላ የሚወስደው ኃይል 50 ሚሊ አምፔር ወይም ከዚያ በታች ነው። በዚህ ልክ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለሳምንታት ይቆያል። ነገር ግን አንድ ነገር ሳይጠፋ ቀርቶ 2 አምፔር ቢወስድ፣ ከቀትር ጀምራ የቆመች መኪና ሌሊት 10 ሰዓት ሲሆን 32 አምፔር ሰዓት አጥታለች ማለት ነው። ከግማሽ በላይ! በዚያ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ አለ። ብርድ ባትሪ ያዳክማል፣ የሞተር ዘይትም ያወፍራል፣ ሞተሪኖው የሚፈልገው ኃይል ደግሞ ይጨምራል።

ሠራተኛው የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ ቴስተሩን በመሀል አስገባና መኪናዋን ቆልፎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ልብ በሉ፣ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። እንድትተኛ ጊዜ መስጠቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ተመልሶ ሲያይ ልኩ ትክክል ነበር። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሃያ ጊዜ ያህል አስነስቶ ካጠፋት በኋላ ቢለካ ቴስተሩ 2.1 አምፔር አሳየ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ። አንዱን ሲነቅል ቁጥሩ ወረደ። ያ ፊውዝ የሚያገለግለው ለሞተሩ ኮምፒውተር ኃይል የሚያደርሰውን ዋናውን ሪሌ ነው። ፊውዙን መለሰና ሪሌውን በካቻቪቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ቢያደርገው 2.1 የነበረው ቁጥር 0.03 ሆነ። ሪሌ ማለት በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። የዚህኛው ምላስ አንዳንዴ ተጣብቆ ይቀር ነበር። ብዙ ጊዜ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የመጣበቁ ዕድል ይጨምራል፤ ለዚህ ነው ሰኞ ሰኞ ደህና የምትነሳው፤ ለዚህ ነው ጋራዡ ግቢ ቆማ ስታድር ደህና የነበረችው። ሪሌው የጣት ሁለት አንጓ አያክልም። ዋጋውም ከአንድ ባትሪ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «የአገሬ ልጅ አይሰንፍም» ብዬ ጽሑፌን በዘጋሁ ነበር። ግን ጋሼ ሐቀኛ ሰው ናቸው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መኪናዋን ለመደበኛ ሰርቪስ ይዘው ሲመጡ «ችግሩን እኮ አገኘነው፣ ይኸው ሪሌው» ብለው አሮጌውን በላስቲክ ቋጥረው ለጋራዡ አስረከቡ። እንዲማሩበት ብለው ነው። እነሱም ተማሩበት። የዋስትና ደብተሩን ገልጠው ከስምንተኛው ገጽ ላይ ያልተፈቀደለት ሰው የኤሌክትሪክ መስመሩን የነካ እንደሆነ ዋስትናው ይሰረዛል የሚለውን አሳዩን። ሊያልቅ ዓመት ሊሞላ የቀረው ዋስትና በአንድ ማኅተም ተሰረዘ። ሁለት ዓመት የታሰበው እንቅልፍ እዚያች ጠረጴዛ ላይ አበቃ።

እዚህ ላይ ለሻጮቹም ልፍረድላቸው። ሰው መኪና በገዛ በሳምንቱ አላርም ያስገጥማል፣ ቴፕ ያስቀይራል፣ እንደ ሠርግ አዳራሽ የሚያበራ ተጨማሪ አምፖል ይቀጥላል። ገመድ ተልጦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ኮርቶ ሲፈጥርና መኪና ሲቃጠል «ዋስትና አለኝ» ብሎ ይመጣል። ይህንን ያዩ ሰዎች ቢጠራጠሩ አልፈርድባቸውም። ግን የጋሼ ነገር ከዚህ ይለያል። ሦስት ጊዜ እነሱ ዘንድ ሄደው ሦስት ጊዜ «ደህና ነው» ተብለው ነው ሌላ ዘንድ የሄዱት። በራሴ እጅ አልታከም ያለ በሽተኛ የለም ተብሎ የተመለሰ ሰው ሌላ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ይህንን ይዘን ወደሚመለከተው ቢሮ አቤት ልንል ሄድን። የተቀበሉን ሴትዮ በጥሞና ሰሙን። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁን፤ «ምን ወረቀት አላችሁ?» እኛም ሦስቱን ጆብ ካርዶች አወጣን። ሴትዮዋ አነበቧቸው። የመጀመሪያው «ተፈትሾ ጉድለት አልተገኘበትም» ይላል። ሁለተኛው «ባትሪ ተቀይሯል» ይላል። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ነው። «ይኼ እኮ የእነሱ ማስረጃ ነው፣ የእናንተ አይደለም» አሉን። እውነታቸውን ነበር። ሦስት ጊዜ ስንመላለስ ጋሼ «ሌሊት አትነሳም» ያሉት ቃል አንድ ቦታ እንኳን አልተጻፈም። ለካ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ጋሼ ምንም ሳይሉ ለሽርሽር ሦስት ጊዜ ጋራዥ የመጡ ሰው ናቸው።

በእኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ይኼ ነው። ሁልጊዜ የማይታይ ብልሽት ላይ የሚነሳ ክርክር የመኪና ክርክር አይደለም፤ የማን ቃል ተጻፈ የሚል ክርክር ነው። ሞተር ቢሰበር ማንም ያየዋል። ተጣብቆ የሚላቀቅ ሪሌ ግን ያየው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ የባለቤቱ ቃል ደግሞ የሚጻፍበት መስመር የለውም።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕግ ተማሪ የሆነች ጓደኛዬን ይዤ አነበብኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ደስ ይላል። ግን ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ጋሼ አስታውቀዋል፤ በአፋቸው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተባለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። 15 ቀን! ለጫማና ለብረት ድስት ይበቃ ይሆናል። በስምንተኛ ወሩ ብቅ ለሚል፣ ያውም ሰኞ ሰኞ እረፍት ለሚወስድ ብልሽት ግን ምን ያደርጋል? አዋጁን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ባለሥልጣን ራሱ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ፈርሶ ሥራው ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተሰጥቷል። ስለዚህ ሰው በቀድሞው ስም እየጠየቀ ከበር በር ይዞራል፤ እኛም ዞረናል።

«ይህ የድሃ አገር ጣጣ ነው» የምትሉ ካላችሁ ደግሞ የጄኔራል ሞተርስን ነገር ላጫውታችሁ። ይኼ ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሸጣቸው ኮባልትን በመሳሰሉ ትንንሽ መኪኖቹ ላይ የቁልፍ ማስነሻው ማብሪያ ላላ ያለ ነበር። መኪናው እየሄደ ሳለ የቁልፉ ማንጠልጠያ ከከበደ ወይም ጎማው ጉድጓድ ከመታ ቁልፉ በራሱ ይመለሳል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ የአየር ከረጢቱም በግጭት ጊዜ አይከፈትም። ሰዎች «መኪናዬ መንገድ ላይ ጠፋብኝ» እያሉ አመለከቱ። ጋራዥ ሲገቡ ግን መኪኖቹ ደህና ናቸው! በ2005 (እ.ኤ.አ.) ኩባንያው ለሻጮቹ በላከው ማስታወቂያ ደንበኞች ከቁልፋቸው ላይ ከባድ ነገር እንዲያወልቁ ምከሩ አለ። እንግዲህ ጥፋቱ የማንጠልጠያው ሆነ ማለት ነው። በኋላ ማብሪያውን በጸጥታ አሻሻሉት፣ ግን የዕቃውን መለያ ቁጥር አልቀየሩም። ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ልዩነቱን ያጋለጠው ልጃቸው በአደጋ የሞተችባቸው ቤተሰቦች ክስ ሲመሠርቱ ለእነሱ የሠራ አንድ መሐንዲስ ነው፤ አሮጌውንና አዲሱን ማብሪያ ገዝቶ ፈታትቶ አስተያየ። በየካቲት 2014 (እ.ኤ.አ.) መኪኖቹ መጠራት ጀመሩ፤ ለዚህ ማብሪያ ብቻ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ተጠሩ። የካሳው ፈንድ የ124 ሰዎች ሞት ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተቀበለ። የጋሼ ሪሌ ሰው አልገደለም፣ ተመስገን። አሠራሩ ግን ያው ነው። ደንበኛው ይናገራል፣ መሣሪያው «ደህና ነው» ይላል፣ ወረቀቱ መሣሪያውን ያምናል።

በዚያው አሜሪካ ታዲያ ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ መላ መጥቶ ነበር። በ1982 (እ.ኤ.አ.) የኮነቲከት ግዛት አዲስ መኪና ለአንድ ብልሽት ተደጋግሞ ተሞክሮ ካልተጠገነ ገዢው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚያስችል ሕግ አወጣች። ሌሎቹም ግዛቶች ተከተሏት። ሕዝቡ «የሎሚ ሕግ» ይለዋል፤ እዚያ አገር ሎሚ የሚሉት እንከን የማይጠፋውን መኪና ነው። እኛ ሎሚ የምንወረውረው ለጥምቀት ስለሆነ ነገሩ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ዕቃው ከተረከቡት በአንድ ዓመት ውስጥ ጉድለት ካሳየ ጉድለቱ ከመጀመሪያውም እንደነበረበት ይገመታል ብሏል። «አልነበረበትም» የሚለው ሻጩ ነው የሚያስረዳው። ሸክሙ ዞረ ማለት ነው።

እኛም አገር ይህንን የሚከለክል ሰማይ የለም። ደግሞ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ግማሹ በአንድ መመሪያ የሚሠራ ነው። ጆብ ካርዱ ላይ ደንበኛው ያለው ቃል፣ እሱ በተናገረበት ቋንቋ፣ ሳይታጠብና ሳይተኮስ ይጻፍ፤ ቅጂውም ለደንበኛው ይሰጥ። «ሌሊት 10 ሰዓት አትነሳም» ካለ «የባትሪ ፍተሻ» ተብሎ አይቀየር። ብልሽቱ ሌሊት የሚታይ ከሆነም ፍተሻው መኪናው ከተኛ በኋላ ይደረግ፣ የተለካበት ሰዓትም ይጻፍ። ያው አቤቱታ ሦስት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ግን ማስረዳት የሻጩ ፋንታ ይሁን። «ሌላ ባለሙያ ነካው» የሚለው አንቀጽም ቢሆን ሻጩ ያ ሰው የነካው ነገር ብልሽቱን እንዳመጣ ሲያሳይ ብቻ ይሥራ። የጋሼ ሪሌ ከመነካቱ በፊት የተበላሸ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

አንዳንዱ ሰው «ይኼ ለባለ መኪና ብቻ የሚጠቅም ነው፣ ስንቱ ተማሪ መኪና አለው?» ይለኝ ይሆናል። የጋሼን የዳቦ ደብተር ላሳያችሁ ብችል ደስ ባለኝ። በእነዚያ 11 ሌሊቶች ምክንያት ሁለት ሻይ ቤቶችና አንድ ትልቅ ሱቅ ሌላ ዳቦ አምጪ ያዙ። የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ግን መኪናዋ ተነሳችም አልተነሳችም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። የእኔም የወር የኪስ ገንዘብ በዚያ ሰሞን ግማሽ ሆኖ ነበር፤ ይህንን እንኳን መጻፍ አልፈለግኩም፣ አርታኢያችን ናቸው «ጻፊው» ያሉኝ።

በዚያ ላይ የሚመጣውን አስቡት። አሁን ወደ አገር የሚገቡት አውቶሞቢሎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው፤ ከመኪናው ጣራ እስከ ጎማው ድረስ ኤሌክትሪክና ኮምፒውተር ነው። ብዙዎቹን የሚያመጣቸው ደግሞ የፋብሪካው ወኪል አይደለም፤ ገዝቶ የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ፋብሪካው ውጭ አገር ለገዛው ሰው የሰጠው ዋስትና እዚህ ለገዛው ሰው ይሠራ እንደሆነ ገዢው የሚያውቀው ሲበላሽበት ነው። የዋናው ባትሪ ዋጋ ደግሞ የጋሼን 9,000 ብር እንደ ሳንቲም የሚያስቆጥር ነው። በአንዲት ሪሌ ይህን ያህል ከተመላለስን በዚያ ባትሪ ምን ልንሆን ነው?

እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆችስ? የመኪና ዝግጅት በሬዲዮ ስንሰማ አዲስ የገባው ሞዴል ስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው ነው የሚነገረን። ዝግጅቱን ስፖንሰር የሚያደርገው ሻጩ ነዋ። ከሻጩ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ከሚወጡት ሰዎች አስሩን «ምን ብለህ ገባህ፣ ምን ተጽፎ ወጣህ?» ብሎ የጠየቀ ዘጋቢ እኔ እስካሁን አልሰማሁም። የዚህ ዓይነቱ ዜና ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም፤ የሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

ጋሼ አሁን መኪናዋን በደህና እየነዱ ነው፤ ሪሌዋ ከተቀየረች በኋላ አንድም ሌሊት አላስቸገረቻቸውም። እትዬ ግን መጻፉን አልተዉም፤ ከዱቤው ጀርባ «ተነሳች» «ተነሳች» «ተነሳች» እያለ ይቀጥላል። በአቤቱታችን ላይ ሻጩ መልስ እንዲሰጥ በደብዳቤ ተጠይቆ የሰጠው መልስ ሦስቱን ጆብ ካርዶች አያይዞ መላክ ነው። እኛ ደግሞ የዳቦ ደብተሩን ቅጂ አያይዘን መልሰን አስገብተናል፤ ውሳኔው ገና ነው። እስከዚያው ድረስ እናንተም ሆናችሁ ቤተሰቦቻችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ካላችሁ፣ የዋስትና ደብተርም ይሁን ጆብ ካርድ፣ ስማችሁን ሸፍናችሁ ቅጂውን በዲፓርትመንታችን ቢሮ በር ላይ ባለው የቡለቲኑ ሣጥን ውስጥ ጣሉልኝ። ለሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን አስቀምጬ ላነባቸው አስቤያለሁ።